ታፓውን ካውያ አታስነኩት

ኒውዚላንድ፣ ኦክላንድ የሚኖር ሐበሻ አንድ ቀን ታፓ እጁ መግባቱ አይቀርም። ከፓስፊክ ደሴቶች፣ ከቶንጋ ወይም ከሳሞአ የመጣ ጎረቤት ይኖረዋል፣ ሰርግ ይጠራል፣ ለቅሶ ይደርሳል። ከዚያ ያ ትልቅ ቡናማ ጨርቅ ታጥፎ ቤቱ ይመጣል። ቀጥሎ ለእኔ ይደወላል፤ ሥራዬ አሮጌ ጨርቅ መጠገን ነውና። ጥያቄው ይለያያል፣ ስህተቱ ግን ያው ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

«ሽመናው እንዴት ያምራል!»

ሽመና የለውም። ድር የለም፣ ማግ የለም፣ ክር ራሱ የለም። ታፓ የሚሠራው ከልጥ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ተክሉ ፔፐር መልቤሪ ይባላል፤ የሐር ትል ቅጠሉን ከምትበላው ዛፍ ጋር ዘመድ ነው። ግንዱ ገና ቀጭን ሳለ ይቆረጥና ይላጣል። ሻካራው የውጭ ቅርፊት ይጣላል። የቀረው ነጭ ልጥ ይፋቅና ግንድ ላይ ተዘርግቶ በእንጨት መቀጥቀጫ ይመታል። መቀጥቀጫው ጎን ለጎን የተፈለፈሉ መስመሮች አሉት፤ መጀመሪያ በሻካራው ፊት፣ ኋላ በለስላሳው። ጠባቡ ልጥ እየሳሳ፣ እየሰፋ፣ ብዙ እጥፍ ይሆናል። ቅርንጫፍ የወጣበት ቦታ ሁሉ ልጡ ላይ ቀዳዳ ይተዋል። ስለዚህ አብቃዩ ተክሉ ሲያድግ ከጎኑ የሚወጣውን ቡቃያ እየለቀመ ይጥላል። የጨርቁ ጥራት የሚወሰነው ገና ማሳ ላይ ነው።

ካምፓላን ያየ ሰው ደግሞ «ይሄማ የባጋንዳዎች ነው» ይለኛል። አይደለም። ባጋንዳዎች የሚጠቀሙት ሙቱባ የሚባል የሾላና የዋርካ ዘመድ ነው። ዛፉ ሳይቆረጥ ይላጥና ቅርፊቱን መልሶ ያበቅላል።

«የደሴቶቹ የራሳቸው ተክል ነው»

ይሄም አይደለም። ሰው ነው በጀልባ ጭኖ ያደረሰው። በ2015 የወጣ የዘረመል ጥናት መነሻውን እስከ ደቡብ ታይዋን ድረስ ተከትሎታል። የተጫነውም ቡቃያ እንጂ ዘር አልነበረም፤ በፓስፊክ ያለው ተክል በአብዛኛው ሴቴ ብቻ ነው፣ ከሥሩ እያቆጠቆጠ ይቀጥላል። እዚህ ኒውዚላንድም ደርሶ ነበር። ማኦሪዎች (የአገሩ ነባር ሕዝብ) አውቴ ይሉታል። ብርዱ ግን አልተስማማውም። የእፅዋት ተመራማሪው ጆሴፍ ባንክስ በ1769 ከእንግሊዛዊው አሳሽ ካፒቴን ኩክ ጋር ሲመጣ፣ እንደ ትልቅ ነገር ያሳዩት 6 ተክል ብቻ ነበር።

«ያው ሁሉም አንድ ነው»

የቶንጋው ንጋቱ ይባላል (አዎ፣ እንደ አቶ ንጋቱ)። የሳሞአው ሲያፖ፣ የፊጂው ማሲ፣ የሀዋዩ ካፓ። ለመለየት ንድፉ ላይ ብቻ አታፍጥጡ። የፊጂው ጠርዙ ጥርት ያለ ጥቁር ንድፍ ካለው ንድፉ ተቆርጦ በወጣበት ሉህ ላይ ቀለም እየተደረገ የታተመ ነው፤ ዛሬ ዛሬ ሉሁን ከአሮጌ የራጅ ፊልም የሚቆርጡ አሉ። የሳሞአው ወይ ከተቀረጸ ሰሌዳ ላይ ተፈግፍጎ የተነሣ ነው፣ ወይ በእጅ የተሳለ። የድሮ ካፓ ካገኛችሁ ብርሃን ላይ ያዙት። መቀጥቀጫው ራሱ የተቀረጸ ስለሆነ፣ ብር ኖት ውስጥ እንደምናየው ዓይነት ድብቅ ንድፍ ይወጣል። ፊት ለፊት ብቻ ያየ ሰው ግማሹን አላየም።

«ዳር ላይ ያለው ቁጥር ዋጋው ነው?»

በጣም የምወደው ስህተት ነው፤ የሚጠይቀው ሰው ቢያንስ ቀረብ ብሎ አይቷል። ንጋቱ ሲሠራ ሴቶቹ ረጅምና ጀርባው ጎበጥ ያለ ሰሌዳ ግራና ቀኝ ይቀመጣሉ። ሰሌዳው ላይ ኩፔሲ ይታሰራል፤ ከቅጠልና ከኮኮናት ዘንግ የተሰፋ የንድፍ ማውጫ ነው። አንዱ ልጥ በቁመት፣ ሌላው በአግድም ይደረብና በግማሽ በበሰለ የካሳቫ ዓይነት ሥር ይጣበቃል። ከዚያ ቀለም በነከረ ጨርቅ ሲፈገፈግ ከታች ያለው ኩፔሲ ብቅ ይላል። ያ ክፍል ሲያልቅ ጨርቁን ይስቡና ቀጣዩን ይጀምራሉ። አንዱ ክፍል ላንጋንጋ ይባላል። ዳር ላይ የምታዩት ቁጥር የላንጋንጋ ቁጥር ነው። 50 ላንጋንጋ ያለው ላውኒማ ይባላል፤ ከ20 ሜትር በላይ ይረዝማል። ስለዚህ «ሠዓሊዋ ማን ናት?» የሚለው ጥያቄም መልስ ያጣል። ሠሪዋ አንዲት ሴት አይደለችም፤ ሰሌዳውን ከብበው የተቀመጡት ሁሉ ናቸው።

«የጥንት ሰዎች ይለብሱት ነበር»

ይቺን ስሰማ ደሜ ይፈላል። የዩቲዩቡ ተራኪ ይላታል፣ ጎብኚው ይላታል፣ ይባስ ብሎ የኤግዚቢሽን መግለጫ ላይ ተጽፋ አይቻለሁ። በአራት ቃል ሦስት ስህተት!

«ነበር» ለሀዋይ ትንሽ ያስኬዳል። ጥጥ ከነጋዴው ጋር ገባ፣ 19ኛው ክፍለ ዘመን ሲያልቅ ካፓ የሚቀጠቅጥ ጠፋ ማለት ይቻላል። እንደገና የተነሣው ከ1970ዎቹ ወዲህ ነው። ቶንጋ ግን መቼ ቆመና! ዛሬም ሰርግ ያለ ንጋቱ ሰርግ አይሆንም። ለቅሶም እንደዚያው። ንጉሥ ሲቀበር መንገዱ ላይ ይነጠፋል።

«ይለብሱት» የሚለውም ያው ነው። በእርግጥ ይለበስ ነበር፣ አሁንም በበዓል ይታጠቁታል። ግን 20 ሜትር ጨርቅ ማን ይለብሳል? ንጋቱ የሚሠራው ሊሰጥ ነው። ዌሊንግተን በሚገኘው ቴ ፓፓ ሙዚየም ያለውን ላውኒማ ውሰዱ። በ1953 ለኤልሳቤጥ ዳግማዊት ክብር ተሠራ። በ1965 የቶንጋ ንግሥት ሳሎቴ እዚህ ኦክላንድ አርፈው አስከሬናቸው በአውሮፕላን ወደ አገራቸው ሲሸኝ፣ ያው ጨርቅ ከሣጥናቸው ሥር ተነጠፈ። ማንም ገላው ላይ አላደረገውም።

«የጥንት» ደግሞ የባሰች ናት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቶንጋዎች ገንዘብ አዋጥተው ለእንግሊዝ ስፒትፋየር ተዋጊ አውሮፕላን ገዙ። ሴቶቹ ምን አደረጉ? አውሮፕላኑን ንጋቱ ላይ አወጡት። አንድ ሰው ይህንኑ ንድፍ ለቤተሰቡ «የጥንት የወፍ አምላክ ነው» ብሎ ሲያስረዳ ቆሜ ሰምቻለሁ። ፕሮፔለሩ እየታየው!

እዚህ ኦክላንድ ተክሉ እንደልብ ስለማይገኝ፣ ልብስ ሰፊዎች ኮሌታ ለማጠንከር ውስጡ በሚያስገቡት ሰው ሠራሽ ጨርቅ ላይ የሚሠሩ አሉ። ፔፓ ይሉታል። «ፌክ ነው» ብላችሁ ሰው አታሳዝኑ። ደረጃው ከሙሉ ልጡ እንደሚያንስ ከእናንተ በላይ እነሱ ያውቁታል። ግን ይሰጣል፣ ይነጠፋል፣ ይለቀስበታል።

ዋጋውን አትጠይቁ፤ ቢያንስ ለቅሶ ቤት።

መቁረጥን በተመለከተ ሰው ወደ ሁለቱም ጫፍ ይስታል። አንዱ ስጦታውን ለሦፋ ልብስ ይቀደዋል። ሌላው ቶንጋዎች ራሳቸው ሲቆርጡ አይቶ «ቅርስ ጠፋ!» ብሎ ይጮሃል። እነሱ የሚቆርጡት በላንጋንጋው መስመር ነው፣ ለማካፈል። ማን ከማን ምን እንደተቀበለ ይታወቃል። ይሄንን በ1787 ለንደን ላይ አሌክሳንደር ሾው ካደረገው ጋር አስተያዩት። ከኩክ ሦስት ጉዞዎች የመጣ ታፓ በትንንሹ ቆራርጦ ለሰብሳቢዎች መጽሐፍ አድርጎ ጠረዘው። ዛሬ ባለሙያዎች «ይቺ ቁራጭ ከየትኛው ደሴት ናት?» እያሉ ይከራከራሉ።

መጠቅለያ ነው ብሎ መናቅም አለ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ራሮቶንጋ የምትባለው የፓስፊክ ደሴት ሰዎች አማልክታቸውን የሚወክሉ ረጃጅም የእንጨት ምስሎችን በታፓ ጠቅልለው ይይዙ ነበር። ጨርቁ የቅድስናው አካል ነበር። ሚስዮናውያን ሲሰበስቧቸው የሚበዙት ተፈቱ፣ ጨርቁ ተጣለ፣ እንጨቱም ተቆረጠ። ጥቅሉ ያልተፈታ ትልቅ ምስል የቀረው አንድ ነው፤ በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል።

አሁን ስልክ ወደሚያስደውሏችሁ ነገሮች። አትጠቡት፤ ሙጫው ይለቃል። ካውያ እጥፋቱን አያጠፋውም፣ ልጡን አድርቆ እዚያው ላይ ይሰብረዋል። ፕላስተር አታድርጉበት። አንድ ወዳጄ የካርቶን ማሸጊያ ፕላስተር ከኋላው ለጥፎበት ነበር፤ ፕላስተሩን ስናነሣ ልጡ አብሮ ተነሣ። ከመስኮት ፊት ለፊት አትስቀሉት፣ ቢጫው ቀድሞ ይጠፋል። ጥቁሩ ክፍል ብቻውን እየተፈረፈረ ካያችሁ ብል አይደለም። ከጥላሸት የተሠራ ጥቁር ጨርቁን አይጎዳውም። ብረት ካለው ጭቃ የተሠራው ግን ቀስ በቀስ ልጡን ይበላዋል። እሱን ሳትነካኩ ባለሙያ አሳዩ።

የቀረው ቀላል ነው። አትጠፉት፣ ወፍራም የካርቶን ቱቦ ላይ ጠቅልሉት። ቱቦውን መጀመሪያ በታጠበ ነጭ የጥጥ ጨርቅ ሸፍኑት፤ አሮጌ ነጠላም ይሆናል፣ ጥለቱን ብቻ ቀዳችሁ አውጡት፣ ቀለሙ ይነካዋል። ቱቦ ከየት ይመጣል ለምትሉ፣ ምንጣፍ ቤት ሂዱ። በነፃ ይሰጧችኋል፣ ሊጥሉት ነው።