የእንግሊዝኛ የንዴት ፈሊጦች ለተምታቱባችሁ

መዝገበ ቃላት ብትከፍቱ ሁሉንም «በጣም ተናደደ» ብሎ ይገላግላችኋል። ልዩነታቸው የቱ ጋ ነው? ድስት አስቡ። ፈሊጡ የሚናገረው ስለ ፈላ ድስት ነው ወይስ ስለ ገነፈለ?

«ማይ ብለድ ቦይልስ» ፈላ ነው። የእኛው «ደሜ ፈላ» ቁርጥ ራሱ። ሰውየው ውስጡ እየነደደ ዝም ብሎ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። «ሂት ዘ ሩፍ» (ቃል በቃል፣ ጣሪያ መታ)፣ «ብሎው ኤ ፊውዝ» (ፊውዝ አቃጠለ) እና «ፍላይ ኦፍ ዘ ሃንድል» (ከእጀታው በረረ) ግን ገንፍለዋል። ጮኸ፣ አምባረቀ፣ ሰው አየው ማለት ነው። በነገራችን ላይ በመጨረሻው ፈሊጥ የሚበረው ሰውየው አይደለም። ከእጀታው ወልቆ የሚወረወር የመጥረቢያ ራስ ነው። እንጨት ፈልጦ የሚያውቅ ሰው አንዴ ከሰማው አይረሳውም።

ይህ የድስት ዘዴ የሚሠራው ስዕሉ አማርኛችን ውስጥ ስላለ ነው። እኛም ንዴት «ገነፈለ» እንላለን። አዲስ ቃል መሸምደድ ቀርቶ የምታውቁትን ማዛመድ ይሆናል።

«ሾርት ፊውዝ» (አጭር ፊውዝ) ግን በድስቱ አይለካም። ስለ ጠባይ ነው የሚያወራው፤ ግልፍተኛ ለማለት። ፊውዙም የቆጣሪው ሳይሆን የፈንጂው ማቀጣጠያ ክር ነው።

«ፒስድ» የምትለዋን ደግሞ ተጠንቀቁባት። አሜሪካ ተናደደ፣ እንግሊዝ አገር ሰከረ ማለት ናት። ጸያፍነትም አላት፤ ለአለቃ በሚጻፍ ኢሜይል ውስጥ እንዳትገባ።