የድሮ የጣሊያን ስፖርት መኪና እንዴት ይገመታል? በዲኖ 246 እናስላው

ማስታወቂያ ላይ የተለጠፈ ዋጋ የሻጩ ምኞት ነው። ለግምት የሚያገለግለው ተሸጦ ገንዘቡ የተከፈለበት ዋጋ ነው፤ እሱም ቢሆን የትኛው መኪና እንደተሸጠ በደንብ ካልተለየ ያሳስታል። እዚህ የያዝነው ምሳሌ ፌራሪ ‹ዲኖ› በሚል ስም ከ1969 እስከ 1974 ያመረተው ዲኖ 246 ቢሆንም አካሄዱ ለአልፋ ሮሚዮም ለላንቺያም ይሠራል።

መጀመሪያ የትኛው 246 እንደሆነ ለዩ። ጣሪያው ድፍን የሆነው ጂቲ 2,295፣ ጣሪያው የሚነሳው ጂቲኤስ ደግሞ 1,274 ተሠርተዋል። ሁለቱ በእኩል ይዞታ ላይ ሲሆኑ ጂቲኤሱ ብዙ ጊዜ ይወደዳል። መጀመሪያ የወጡት፣ ኤል የሚባሉት፣ ቸርኬያቸው መሀል ላይ በአንድ ትልቅ ዳዶ የታሰረ ነው፤ ቀጥለው የመጡት በአምስት ብሎን ይታሰራሉ። መጨረሻ አካባቢ የወጡ ጥቂቶች ሰፋ ያለ ፓራፋንጎ፣ ሰፊ የካምፓኞሎ ኩባንያ ቸርኬና የፌራሪ ዴይቶና ዓይነት ወንበር ከፋብሪካ ተገጥሞላቸዋል። እነዚህ ዋጋቸው ከፍ ይላል። ችግሩ ወንበሩንም ቸርኬውንም ገዝቶ ከጊዜ በኋላ መግጠም መቻሉ ነው፤ ስለዚህ ከፋብሪካ እንደወጣ በወረቀት ካልተረጋገጠ ጭማሪውን አትክፈሉ። አፍንጫው ላይ የፌራሪ ፈረስ ካያችሁም አትደሰቱ፤ ዲኖ ከፋብሪካ ሲወጣ ያ ምልክት አልነበረበትም፣ ባለቤቶች የለጠፉት ነው።

ቀጥሎ ቁጥር ነው። የዲኖ የሻንሲ ቁጥር ሁልጊዜ ለ2 የሚካፈል ነው። መጨረሻው ጎዶሎ ከሆነ ወረቀቱ ላይ ስህተት አለ ወይም የባሰ ነገር አለ። የሞተሩን ቁጥር በወረቀት ብቻ አትመኑ፤ ሞተሩ ላይ የተመታበትን ቦታ ጠርጉና የእጅ ባትሪ ከጎን አብሩበት። ተሞርዶ እንደገና የተመታ ከሆነ ብረቱ ከዙሪያው ይልቅ ልስልስ ብሎ ያብለጨልጫል፣ አኃዞቹም በጥልቀትና በመስመር አይስተካከሉም። የራሱ ሞተር የሌለው ዲኖ ለመንዳት ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ ዋጋው ግን ከኦሪጅናሎቹ ጋር አይወዳደርም።

ወረቀቱን ከሁለት ቦታ ፈልጉ። የፌራሪ ፋብሪካ ባለበት በማራኔሎ ከተማ ያለው የድሮ መኪኖች ክፍል፣ ፌራሪ ክላሲኬ፣ ሻንሲውን፣ ሞተሩንና ካምቢዮውን መርምሮ ገዢዎች ‹ቀዩ መጽሐፍ› የሚሉትን ሰነድ ይሰጣል። መኪናው ጣሊያን ውስጥ ታርጋ ኖሮት ከነበረ ደግሞ ከአገሪቱ የተሽከርካሪ መዝገብ ‹ኤስትራቶ ክሮኖሎጂኮ› የሚባለውን ግልባጭ አስወጡ፤ ባለቤቶቹን ከነቀናቸው በተራ ይዘረዝራል። ብዙዎቹ የዘመኑ መኪኖች የኪሎሜትር ቆጣሪያቸው አምስት አኃዝ ብቻ ስለሆነ 100,000 ሲሞላ ወደ ዜሮ ይመለሳል፤ ‹38,000 ኪሎሜትር ብቻ› የሚለውን ወሬ የሚያጸናው ቀን ያለው የጋራዥ ደረሰኝ ነው። (ጣሊያናዊ መካኒክ ጋር ለመግባባት ደግሞ ብዙም አትቸገሩም፤ ካምቢዮም ካንዴላም እዚያም ስማቸው ያው ነው።)

ወደ ቦዲው ስንመጣ፣ የ246 አካል ላሜራ ብረት ነው፤ ዝገትም የዋጋው ዋና ጠላት ነው። የበሮቹን ሥር፣ ከበር በታች ያለውን ሳጥን ብረት፣ ከፊት ጎማ ኋላ ያለውን የፓራፋንጎ ጥግና ወለሉን እዩ። ቀለም መለኪያ ይዛችሁ በየክፍሉ አምስት ስድስት ቦታ ለኩ። ከ100 እስከ 200 ማይክሮን ቀጭን ቀለም ነው፤ 300 እና 400 ሲሆን እንደገና ተቀብቷል፤ 1,000 ካለፈ ሥሩ ስቱኮ (የተጎዳ ላሜራ መሙያ) አለ ማለት ነው። መለኪያው ከሌለ በስስ ጨርቅ የተጠቀለለ ትንሽ ማግኔት ይበቃል፤ ስቱኮ በበዛበት አይይዝም። ማግኔቱ አልፋ ሮሚዮ ጂቲኤ ላይ በተቃራኒው ነው የሚሠራው፤ የእውነተኛው ጂቲኤ አካል አሉሚኒየም ስለሆነ በሩ ላይ ማግኔት ከያዘ ተራ ጂቲ በጂቲኤ ዋጋ እየቀረበላችሁ ሊሆን ይችላል።

የዕቃ መጫኛውን ምንጣፍም አንሱ። ውጭው ቀይ፣ ምንጣፉ ሥር ደግሞ ቢጫ ወይም ቡናማ ከሆነ መኪናው ለመሸጥ ሲባል ቀይ ተቀብቷል። የፋብሪካ ቀለሙን የያዘው ይፈለጋል፤ ያልተነካ የመጀመሪያ ቀለም ያለው፣ ጣሊያኖቹ ‹ኮንሰርቫቶ› የሚሉት፣ ትንሽ ቢደበዝዝም አዲስ ከተቀባው ሊበልጥ ይችላል።

ሞተሩን አሙቁና ስድስቱንም ካንዴላ አውጡ፤ ነዳጅ ፔዳሉን እስከ መጨረሻ ረግጣችሁ የእያንዳንዱን ሲሊንደር ኮምፕሬሽን (ግፊት) ለኩ። በትልቁና በትንሹ መካከል ያለው ልዩነት ከ10 በመቶ ከበለጠ የሞተር ሥራ እየመጣ ነው፤ ወጪውን ከዋጋው ቀንሱ። ዲኖ ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ፣ ካምሻፍቱን፣ የሚያዞረው በሰንሰለት ነው። የምትገምቱት ፌራሪ 308 ከሆነ ግን የሚያዞረው ቺንጊያ (የላስቲክ ቀበቶ) ስለሆነ የተቀየረበትን ቀን ጠይቁ፤ ባይነዳም በጥቂት ዓመታት ያረጃል፣ ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ። ቴስታሮሳ ላይ ይኸው ሥራ ሞተሩን ማውረድ ስለሚጠይቅ ‹ቺንጊያ ብቻ ነው የቀረው› የሚል ሻጭ ትልቅ ሂሳብ እያስረከባችሁ ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ባለፉት 18 ወራት የተሸጡ፣ ዓይነታቸውና ይዞታቸው የሚመሳሰል ከአምስት እስከ ስምንት መኪኖች ሰብስቡ። የሐራጅ ቤቶች የሚያሳትሙት ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ የገዢውን ኮሚሽን የጨመረ ነው። 345,000 ዩሮ ተብሎ የታተመ ሽያጭ ኮሚሽኑ 15 በመቶ ከሆነ መዶሻው የወደቀው፣ ማለትም ጨረታው የተዘጋው፣ 300,000 ላይ ነው። ሻጩ በበኩሉ 5 በመቶ ቢከፍል እጁ የሚገባው 285,000 ነው። አንዱ መኪና ሦስት ዋጋ አለው ማለት ነው። ከግለሰብ ስትገዙ ድርድሩ ከ285,000 በላይና ከ345,000 በታች የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ሳይሸጡ የተመለሱትንም መዝግቡ፤ የቀረበላቸው ከፍተኛ ዋጋ ከታወቀ የገበያውን የዋጋ ጣሪያ ያሳያል። በ2018 ሞንቴሬይ ላይ በ48.4 ሚሊዮን ዶላር የተሸጠው ፌራሪ 250 ጂቲኦ ዓይነት ዜና ግን ለእናንተ ሂሳብ አይጠቅምም።

ከሰበሰባችኋቸው ዋጋዎች አማካይ ላይ የምትቀንሱት የጥገና ግምት በጽሑፍ የተሰጠ ይሁን፤ በዚያ ላይ 20 በመቶ ጨምሩ፣ የድሮ ላሜራ ሲከፈት ያልታየ ዝገት አይጠፋምና። ለተሠራ ሥራ ደግሞ የደረሰኙን ሙሉ ዋጋ አትጨምሩ፤ 100,000 ዩሮ የወጣበት እድሳት መኪናውን በ100,000 አያስወድደውም።

ከሌላ አህጉር የሚመጣ ከሆነ ማጓጓዣና ቀረጥ አለ። የመሰብሰቢያ ቅርስ ሆኖ የተመደበ መኪና ሲገባ ተጨማሪ እሴት ታክሱ በብሪታንያ 5፣ በጀርመን 7 በመቶ ነው፤ በጣሊያን እስከ 2025 አጋማሽ 10 በመቶ ነበር፣ ከዚያ ወዲህ 5 በመቶ ሆኗል። ለዚህ ምድብ በአውሮፓ ቢያንስ 30 ዓመት የሞላውና በመሠረቱ ያልተለወጠ መሆን አለበት። የሌላ ዓይነት ሞተር የተገጠመለት ዲኖ ሙሉውን ታክስ ሊጠየቅ ስለሚችል የቁጥሮቹን ፎቶና የማራኔሎውን ሰነድ መኪናው መርከብ ላይ ሳይጫን ለጉምሩክ ወኪሉ ላኩ።