ከዝንብ እጭ ተነስቶ የሞት ጊዜ ሲገመት መወገድ ያለባቸው ስህተቶች

አብዝቶ የሚያናድደኝ ሙቀት ሳይለኩ የውጭ አገር የእጭ ዕድገት ሰንጠረዥ ገልጦ ቀን መቁጠር ነው። የዝንብ እጭ፣ ማለትም ከእንቁላሏ የሚፈለፈለው ትል፣ ዕድገቱን የሚያፋጥነውም የሚያዘገየውም ሙቀት ነው። ለምሳሌ በቤተ ሙከራ በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 100 ሰዓት የፈጀ ዕድገት፣ መነሻውን (ዕድገት ይቆምበታል የሚባለውን ሙቀት) 10 ዲግሪ ብናደርግ፣ 1500 የዲግሪ ሰዓት ይሆናል፤ ከመነሻው በላይ ያለው 15 ዲግሪ በ100 ሰዓት ተባዝቶ ማለት ነው። አስከሬኑ የተገኘው ጅማ ዙሪያ፣ አማካይ ሙቀቱ 17 ዲግሪ በሆነ የቡና ጥላ ሥር ከሆነ ግን ያው ዕድገት 214 ሰዓት ይወስዳል። አራት ቀን የተባለው ዘጠኝ ቀን ሊሞላ ነው ማለት ነው። በዚህ ልዩነት ንጹሕ ሰው ሊታሰር ይችላል! «የሜትሮሎጂ መረጃ አለን» ትሉኛላችሁ። ጣቢያው የቆመው ገላጣ ሜዳ ላይ ነው፤ ጫካ ውስጥ ያለውን ሙቀት አይነግራችሁም። መለኪያ ስፍራው ላይ ትታችሁ የጥቂት ቀናት ንባቡን ከጣቢያው ጋር አመሳክሩ። የትሉን ክምችትም ለብቻው ለኩ፤ ተሰብስቦ ሲበላ ከአካባቢው አየር ከ10 ዲግሪ በላይ ሊሞቅ ይችላል።

ሪፖርት ላይ «የሞተው በዚህ ቀን ነው» ብላችሁ አትጻፉ። እጩ የሚያሳየው ዝንቧ እንቁላሏን ከጣለች ወዲህ ያለፈውን ጊዜ ነው። ሌሊትና ከባድ ዝናብ ያዘገዩአታል፤ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ አስከሬንም እንዲሁ። «ቢያንስ» የሚለው ቃል አይቅር።

እጩን ከአስከሬኑ ፊት ላይ ብቻ ለቅሞ የመመለስ ስህተትም አለ። በልቶ የጠገበ እጭ አስከሬኑን ትቶ አፈር ውስጥ ይገባል፤ ስለዚህ ትልቁን ዕድሜ የያዘው ብዙ ጊዜ ከአካሉ ርቆ ነው የሚገኘው። አንድ ጎበዝ ተማሪ ቅጠሉን ገልጦ ያገኛቸውን ቡናማ ቅርፊቶች የአይጥ ኩስ መስለውት ጠርጎ ሊጥላቸው ሲል ደረስኩ። ጫፋቸው ተከፍቶ ባዶ ነበሩ፤ ዝንቦቹ ወጥተው በርረዋል። አንድ ትውልድ አልቋል ማለት ነው፤ በእጁ ያሉት ትንንሽ ትሎች ግን ሌላ ታሪክ ሊነግሩት ነበር።

የእጩን የዕድገት ደረጃ በርዝመቱ ብቻ አትወስኑ። የእጩን የኋላ ጫፍ በማይክሮስኮፕ እዩ፤ በመተንፈሻዎቹ ላይ ያሉት ስንጥቆች ሁለት ከሆኑ ሁለተኛ፣ ሦስት ከሆኑ ሦስተኛ ደረጃ ላይ ነው።

የሰበሰባችሁትን እጭ ከነሕይወቱ አልኮል ውስጥ አትክተቱት፤ ይጠቁራል፣ ይኮማተራል። መጀመሪያ ሊፈላ በተቃረበ ውኃ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ንከሩት፣ ከዚያ 80 በመቶ አልኮል ውስጥ አስቀምጡት። ከፊሉን ደግሞ ጉበት እየመገባችሁ እስኪበርር አሳድጉት፤ ዝርያው በእርግጠኝነት የሚለየው ያን ጊዜ ነው።