«የባንክ ሒሳባችን ተቀይሯል»፦ በኢሜይል የምንበላባቸው ስህተቶች

ሥራዬ የትንንሽ ድርጅቶችን ኮምፒውተርና ኢሜይል መከታተል ነው። ደንበኞቼ አብዛኞቹ አስመጪዎች ናቸው። አንድ ዓይነት ስልክ በጣም ብዙ ጊዜ ተደውሎልኛል። ድምፁ ዝቅ ይላል። «እባክህ ቶሎ ና፣ በስልክ የሚወራ አይደለም» ይሉኛል። ስደርስ ገንዘቡ ሄዷል። ሌላ ሰው ከመደወሉ በፊት ደጋግሜ ያየሁትን ልጻፈው።

«እኔን ማን ያታልለኛል?» ማለት

ይህን የሚሉት ብዙ ጊዜ የተማሩትና በሥራቸው የበሰሉት ናቸው። ኤቫልዳስ ሪማሳውስካስ የሚባል የሊቱዌኒያ ሰው እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2015 ጉግልንና ፌስቡክን ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስከፍሏቸዋል። ሁለቱም ከታይዋኑ ኳንታ ኮምፒውተር ዕቃ ይገዙ ነበር። ሰውየው በዚያው ስም ድርጅት አቋቋመ፣ የባንክ ሒሳብ ከፈተ፣ ኢንቮይስ ላከ። እነሱም ከፈሉ። በ2019 አሜሪካ ውስጥ 5 ዓመት ተፈርዶበታል። የፋይናንስ ሠራተኞቹ ሥራቸውን የማያውቁ ሰዎች አልነበሩም። የመጣላቸው ሁልጊዜ የሚከፍሉት ስም ነው። ሌባ የሚገባው በዚህ በር ነው፤ የምትጠብቁትን ነገር ይልክላችኋል።

ሳይደውሉ በአዲስ ሒሳብ መክፈል

እዚህ ላይ ረዘም ላድርገው፤ ሰው ቤቱን ሲያጣ ያየሁት በዚህ ነው።

መርካቶ የመኪና መለዋወጫ የሚያስመጡ፣ «ጋሼ» የምላቸው ደንበኛ አሉኝ። በቻይናዋ ጓንጁ ከተማ ካለ አንድ ዕቃ ላኪ ጋር ስድስት ዓመት ሠርተዋል። ዶላር ለማግኘት ወራት ጠብቀው በመጨረሻ ባንኩ ፈቀደላቸው። በዚያው ሳምንት ኢሜይል መጣ። «ሒሳባችን ኦዲት እየተደረገ ስለሆነ ክፍያውን በዚህ አዲስ ሒሳብ ላኩልን» ይላል። የተስተካከለ ፕሮፎርማ (የዕቃው የዋጋ ማቅረቢያ) ተያይዟል፣ ማኅተምና ፊርማ አለበት። ከሥሩ የቆየው መጻጻፋቸው በሙሉ አለ። ጋሼ አትመው ራሳቸው ባንክ ወሰዱት። በቲቲ፣ ማለትም በቀጥታ የባንክ ለባንክ ክፍያ፣ ተላከ። በአምስተኛው ቀን ዕቃ ላኪው በዊቻት (በቻይናዎቹ የመልእክት መተግበሪያ) «ክፍያው መቼ ይደርሰናል?» ብሎ ጠየቃቸው።

ኢሜይሉን ከፍቼ የመጣበትን አድራሻ እንዲያነቡልኝ ጠየቅኳቸው። ሦስት ጊዜ አነበቡት፣ ምንም አልታያቸውም። ከዚያ ፊደሉን ስክሪኑ እስኪሞላ አጎላሁት። የድርጅቱ ስም ውስጥ ኤም የሚባለው የላቲን ፊደል አለ። በዚህኛው ላይ በኤም ቦታ አር እና ኤን ተጠጋግተው ቆመዋል። በትንሹ ሲታዩ አንድ ፊደል ይመስላሉ። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ብር ተጓድሎ አያውቅም እኮ ልጄ» አሉኝ።

ሌባው ፕሮፎርማውን ከየት አመጣው? ቀድሞ የአንዳቸውን ኢሜይል ፓስዎርድ ሰርቆ ገብቷል። ገብቶ ዝም ብሎ ያነባል። ዋጋውን፣ የዕቃውን ዓይነት፣ ባንኩ የሚፈቅድበትን ጊዜ ሁሉ ያውቃል። ቀኑ ሲደርስ ብቻ ይጽፋል። ፓስዎርድ ቀይረናል ብለው የሚረጋጉም አሉ። አይበቃም። ሌባው መልእክቶቻችሁ ወደ እሱ እንዲተላለፉ አስተካክሎ ከወጣ፣ ፓስዎርዱ ቢቀየርም ይደርሱታል። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ «ፎርዋርዲንግ» እና «ፊልተር» የሚሉትን ፈትሹ። የማታውቁት አድራሻ ካለ አጥፉት።

ባንኩ የተቀባዩን ስም አይቶ ይመልሰዋል ብላችሁም አትተማመኑ። ብዙ ቦታ ገንዘቡ የሚገባው በሒሳብ ቁጥሩ ነው። የአሜሪካው ኤፍቢአይ እንዳለው እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ በዚህ ዓይነት የኢሜይል ማጭበርበር 2.9 ቢሊዮን ዶላር እንደተወሰደ ሪፖርት ተደርጎለታል።

ስለዚህ የሒሳብ ቁጥር ተቀየረ ከተባላችሁ ደውሉ። አዲሱ ኢሜይል ላይ ባለው ስልክ አይሆንም፤ ከድሮው ፕሮፎርማ ወይም ከቢዝነስ ካርዱ ላይ ባለው ነው። የምታውቁትን ሰው ድምፅ ስሙ። «እውነት ነው ወይ?» ብሎ በኢሜይል መመለስ ሌባውን ራሱን መጠየቅ ነው። አንዲት ጸሐፊ እንዲህ ጠይቃ በሁለት ደቂቃ ውስጥ «አዎ፣ ትክክል ነው» የሚል መልስ መጥቶላታል። እሷም ኃላፊነቴን ተወጣሁ ብላ ከፈለች። ዶላር ስንት ወር ተጠብቆ ለአንድ ስልክ ግማሽ ሰዓት ይጠፋል? ለዓመታት ይህን ብዬ ብዬ ደክሞኛል፤ ግን አሁንም እላለሁ።

በስልክ ላይ እየተቻኮሉ መንካት

ይህን እኔም ሠርቼዋለሁ። ከውጭ ያዘዝኩትን ዕቃ እየጠበቅኩ ታክሲ ውስጥ ነበርኩ። «ዕቃዎ ደርሷል፣ አድራሻዎን ያረጋግጡ» የሚል ኢሜይል መጣ። ነካሁት። የኢሜይል ፓስዎርዴን ጠየቀኝ፣ ጻፍኩለት። ዕቃ አድራሽ የኢሜይል ፓስዎርዴን ምን ያደርግለታል? ይህ የገባኝ ከታክሲ ስወርድ ነው። መንገድ ዳር ቆሜ ቀየርኩት። ስልክ ላይ የሚታየው የላኪው ስም ብቻ ነው፤ ስም ደግሞ ማንም የፈለገውን ይጽፋል። ስሙን ስትነኩት ነው አድራሻው የሚመጣው። ከዚያ ቀን ወዲህ ፓስዎርድ የሚጠይቅ ሊንክ በስልክ አልከፍትም።

የቁልፏን ምልክት ማመን

ከድረ ገጹ አድራሻ አጠገብ የምትታየው ቁልፍ መስመሩ መመሥጠሩን ብቻ ነው የምትናገረው። ሌባም በነፃ ያገኛታል።

ከስፓም ውስጥ አውጥቶ መክፈት

እ.ኤ.አ. በ2011 አርኤስኤ የተባለው የአሜሪካ የኮምፒውተር ደኅንነት ኩባንያ የተሰበረው አንድ ሠራተኛ «የ2011 የቅጥር ዕቅድ» የሚል የኤክሴል ፋይል ከስፓም (አጠራጣሪ ኢሜይል ተለይቶ ከሚቀመጥበት ሳጥን) አውጥቶ ስለከፈተ ነው። የደኅንነት ኩባንያ ነው እንግዲህ።

ኮድ መስጠት

ጓደኛችሁ በቴሌግራም «በስህተት ኮድ ወደ አንተ ተልኳል፣ ላክልኝ» ካለ፣ የጓደኛችሁ አካውንት ተሰርቋል። ደውሉና ንገሩት።

«ዲቪ ደርሶሃል» የሚል ኢሜይል

በዚህ የሚጠመዱ ልጆች ያሳዝኑኛል፤ ሁሉም ተስፋቸውን ይዘው ነው የሚመጡት። የአሜሪካ መንግሥት ዲቪ ደርሶሃል ብሎ ኢሜይል አይልክም። ያመለከተው ሰው ራሱ የማረጋገጫ ቁጥሩን ይዞ፣ መጨረሻው «ዶት ጎቭ» በሆነው የመንግሥቱ ድረ ገጽ ላይ ገብቶ ያያል። አስቀድማችሁ በሐዋላ ገንዘብ ላኩ የሚላችሁ ሁሉ ሌባ ነው። ዲቪ የሚሞላላችሁ ሱቅ ከሆነ የማረጋገጫ ቁጥሩን የያዘውን ገጽ አሳትማችሁ ውሰዱ። ሱቁ በራሱ ኢሜይል ሞልቶ ቁጥሩን ካስቀረባችሁ፣ መድረስ አለመድረሳችሁን ከእሱ ሌላ ማወቂያ የላችሁም።

አፍሮ መደበቅ

ጋሼ ነገሩን ካወቁ በኋላ አራት ቀን ለማንም አልተናገሩም። ለባለቤታቸውም፣ አብሯቸው ለሚሠራው ልጃቸውም። እኔን የጠሩኝ በአምስተኛው ቀን ነው። ያን ጊዜ ገንዘቡ ከሒሳቡ ወጥቶ አልቋል። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የሚታወቅ ከሆነ ግን አንዳንዴ ይያዛል። ስለዚህ በመጀመሪያ ወደ ባንካችሁ ሂዱና ክፍያው እንዲሰረዝ በስዊፍት (ባንኮች እርስ በርስ በሚጻጻፉበት መረብ) መልእክት እንዲልኩ ጠይቁ። ቀጥሎ ለእውነተኛው ዕቃ ላኪ ደውሉ፤ ሌሎች ደንበኞቹም እየተጻፈላቸው ሊሆን ይችላል። ከዚያ ፖሊስ። ኢሜይሉን በንዴት አታጥፉት፤ ባንኩም ፖሊሱም አምጡ የሚሏችሁ እሱን ነው።