ኩላሊት ለተተከለለት ሰው መድኃኒቱን በሰዓቱ ማስዋጥ
ኮዬ ፈጬ ወይም ቱሉ ዲምቱ ተቀምጦ ኩላሊት የተተከለለትን ሰው የሚያስታምም ቤተሰብ ሥራው «ዋጥክ ወይ?» እያለ መነዝነዝ አይደለም። ሰዓት መጠበቅና ፍሬ መቁጠር ነው።

አብዛኞቹ ታካሚዎች የሚውጡት ታክሮሊመስ፣ ማይኮፌኖሌትና ፕሬድኒሶሎን ነው። ሦስቱም ሰውነት አዲሱን ኩላሊት እንደ ባዕድ እንዳያጠቃ ይከላከላሉ። አስቸጋሪው ታክሮሊመስ ነው፤ ደም ውስጥ ሲያንስ ኩላሊቱ ይጠቃል፣ ሲበዛ ራሱ መድኃኒቱ ኩላሊቱን ይጎዳል። የተለመደው ዓይነት በየ12 ሰዓቱ ይዋጣል።

በእኛ አቆጣጠር ይህ ለማስታወስ አይከብድም፦ ጠዋት 1 ሰዓት፣ ማታ 1 ሰዓት። ስህተቱ የሚመጣው በስልክ በኩል ነው። አላርሙን 1:00 ላይ የሞላ ሰው ስልኩ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ይጮኽበታል፤ ተናዶ ያጠፋዋል፣ በዚያው ይረሳል። 07:00 እና 19:00 ብላችሁ ሙሉት። መብራት ሲጠፋ ስማርት ስልክ ስለሚዘጋ፣ ባትሪው ቀናት በሚቆይ የቁልፍ ስልክ ላይም ድገሙት።

ሐኪሙ ሌላ ካላዘዘ ታክሮሊመስ ከምግብ 1 ሰዓት ቀድሞ ወይም 2 ሰዓት ቆይቶ ይዋጣል፤ ምግብ፣ በተለይ ቅባት ያለው፣ ወደ ደም የሚገባውን መጠን ይቀንሰዋል። ስለዚህ ቁርስ ከጠዋቱ 2 ሰዓት በኋላ፣ እራትም ከማታው 2 ሰዓት ዜና ጋር ይሁን። ነገሩን የሚያበላሸው የ11 ሰዓት ተኩሉ ቡና ነው። ጥፋቱ የቡና ቁርሱ ነው፤ ቆሎም ዳቦም ምግብ ነው። ወይ ከ11 ሰዓት በፊት ይቅረብ፣ ወይ የታካሚው ድርሻ ለእራት ይቀመጥለት። ፕሬድኒሶሎን ግን ከቁርስ በኋላ ስለሚዋጥ፣ እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ታካሚ ጾሙ ሳይገባ ሐኪሙንም የንስሐ አባቱንም ያማክር።

እሑድ እሑድ የሳምንቱን አዘጋጁ። ባለ 14 ክፍል የኪኒን ሣጥን ካጣችሁ 14 ትንንሽ የፋርማሲ ፖስታ ይበቃል፤ «ሰኞ ጠዋት»፣ «ሰኞ ማታ» እያላችሁ ጻፉበት። የታክሮሊመሱን ፍሬ ከነማሸጊያው በመቀስ ቁረጡት እንጂ አታውጡት፤ እርጥበት አይወድም። እንጀራ የሚጋገርበት ቤትም አይቀመጥ። ማይኮፌኖሌት ጽንስ ስለሚጎዳ ነፍሰ ጡር የሆነች አስታማሚ የተሰበረውን አትንካ።

አሁን ቆጠራው። ታክሮሊመስ ጠዋት 2፣ ማታ 2 ሚሊግራም የታዘዘለት ሰው ባለ 1 ሚሊግራሙን በቀን 4፣ በ30 ቀን 120 ፍሬ ይውጣል። 56 ሲቀር የ14 ቀን ነው፤ ያን ዕለት ፋርማሲ ሂዱ። ወር በገባ በ1 የሚወስድ ሰው ደግሞ ነሐሴ ላይ ይጠንቀቅ። የ30 ቀኑ ነሐሴ 30 ሲያልቅ ጳጉሜ ባዶ ይቀራል፤ 5 ቀን፣ አንዳንዴም 6፣ ያውም በበዓል ዋዜማ! ስትረከቡ ስሙን አንብቡ፦ ፕሮግራፍም አድቫግራፍም ታክሮሊመስ ናቸው፤ ፕሮግራፍ በቀን ሁለቴ፣ አድቫግራፍ ግን አንዴ ነው። ያለ ሐኪም ትእዛዝ አንዱ በሌላው አይተካም።

ታክሮሊመስ በሚለካበት የደም ምርመራ ቀን የጠዋቱ መድኃኒት ከቤት አይዋጥም፤ ኪስ ውስጥ ይያዝ። ደሙ የሚቀዳው የማታው መድኃኒት ከተዋጠ 12 ሰዓት ያህል ቆይቶ፣ የጠዋቱ ሳይዋጥ ነው። ከኮዬ ፈጬ የንቅለ ተከላ ክትትል እስካለበት ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ድረስ ከተማውን ከዳር እስከ ዳር መሻገር ስለሆነ በጨለማ ውጡ። ለምዶበት ውጦ የሄደ ሰው ውጤቱ ያለልክ ከፍ ይላል፤ ሐኪሙም ያን አምኖ መጠኑን ቢቀንስ ኩላሊቱ ሳይጠበቅ ይቀራል።

የተረሳ መድኃኒት ተደርቦ አይዋጥም። ስንት ሰዓት ካለፈ እንደሚዘለል፣ ቢያስመልሰው መደገም ይኖርበት እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁና ቀጠሮ ካርዱ ጀርባ ላይ ጻፉ። ተቅማጥ መድኃኒቱን ጠርጎ ያወጣዋል ብላችሁ አትጨምሩ፤ እንዲያውም የታክሮሊመስን መጠን ደም ውስጥ ከፍ ያደርገዋል።

ከሰፈር ፋርማሲ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የሚባሉት የሕመም ማስታገሻዎች አይገዙ፤ ኩላሊት ይጎዳሉ። ክላሪትሮማይሲን የሚባለው አንቲባዮቲክ ታክሮሊመስን ከፍ፣ የሳንባ ነቀርሳው ሪፋምፒሲን ደግሞ በጣም ዝቅ ያደርገዋል። ሌላ ሐኪም ሲያዝ «ንቅለ ተከላ አለው» ማለት ያለባችሁ ለዚህ ነው።

ኩላሊቱ ሲጠቃ ብዙ ጊዜ አያምም፤ ላብራቶሪ ላይ ክሪያትኒን (ኩላሊት ከደም የሚያጣራው ቆሻሻ) ከፍ ሲል ብቻ ይታወቃል። ትኩሳት፣ የሽንት ማነስ ወይም የእግር እብጠት ካያችሁ ግን ቀጠሮ ሳትጠብቁ፣ የመድኃኒቶቹን ማሸጊያ ሁሉ ይዛችሁ፣ በዚያው ቀን ሂዱ።