እያወሩ መሄድ ከከበዳቸው

ከእናት ወይም ከአባታችሁ ጋር ቀስ ብላችሁ ስትራመዱ አንድ ጥያቄ ጣል አድርጉ። በ“አዎ” የሚታለፍ አይሁን፤ “የእገሌ ሠርግ መቼ ነበር?” ዓይነት፣ ትንሽ የሚያሳስብ። ከዚያ እግራቸውን እዩ። ለመመለስ ቀጥ ብለው የሚቆሙ ከሆነ የመውደቅ ሥጋታቸው ከፍ ያለ ሊሆን ይችላል። በ1997 እ.ኤ.አ. በወጣ የስዊድን ጥናት፣ በእንክብካቤ ተቋም ከሚኖሩ 58 አረጋውያን 12ቱ ወሬ ሲጀመር ቆሙ። ከእነዚህ 10ሩ በ6 ወር ውስጥ ወድቀዋል።

ዕድሜ ሲገፋ መራመድ ራሱ ሐሳብ ይፈልጋል። ወሬ ሲጨመርበት አእምሮ ለሁለቱም ላይበቃ ይችላል።

ስለዚህ “ምነው ቆሙ፣ እንሂድ እንጂ” ብላችሁ አትጎትቷቸው። መቆማቸው ብልህነት ነው። ደረጃ ላይና አስፋልት ሲሻገሩ ወሬው ይቆይ። ስልክ ሲጠራም መጀመሪያ ቆም፣ ከዚያ ሃሎ።

ሙከራውን መንገድ ስትሻገሩ እንዳታደርጉት። ደግሞ ወሬ ሲጥማቸው ቆመው የሚያወሩ፣ ጆሯቸው ከብዶ ለመስማት የሚቆሙም አሉ፤ ደጋግማችሁ እዩ። መቆሙ በድንገት የመጣ ከሆነ ግን ቶሎ ሐኪም ዘንድ ውሰዷቸው።