አልጌን ሳያደርቁ ባዮዲዝል እንዴት ይሠራል?

ባዮዲዝል ከስብ የሚሠራ የናፍጣ ምትክ ነው፤ አልጌ ደግሞ ስብ የሚያጠራቅም ደቃቅ የውሃ ውስጥ ሕይወት ነው። አልጌ ማሳደግ ያን ያህል አይከብድም። ራስ ምታቱ ውሃው ነው። በሴንትሪፊዩጅ (በፍጥነት እያሽከረከረ ውሃውን በሚለይ ማሽን) የተጨመቀ አልጌ እንኳ ከአምስት እጁ አራቱ ውሃ ነው። እስቲ አስሉት፤ 1 ኪሎ ደረቅ አልጌ ለማግኘት 4 ኪሎ ውሃ ማትነን ያስፈልጋል፣ ይህ ብቻ ወደ 10 ሜጋጁል ሙቀት ይበላል። የአልጌው ሩብ ዘይት ቢሆን ደግሞ የሚወጣው ባዮዲዝል ያለው ኃይል ከ9 ሜጋጁል ብዙም አያልፍም። ኪሳራ ነው! ከነውሃው መሥራት ይሻላል።

መጀመሪያ ዝርያ ምረጡ። ክሎሬላ፣ ሴኔዴስመስ ወይም ናኖክሎሮፕሲስ ይሆናሉ። በነገራችን ላይ፣ የቢሾፍቱው አረንጓዴ ሐይቅ የሚታወቅበት ስፒሩሊና ፕሮቲን እንጂ ስብ ብዙም የለውም፣ ለዚህ ሥራ አይሆንም። አልጌው ሲደርስ ለጥቂት ቀናት ናይትሮጅን ንፈጉት። እድገቱን ገታ አድርጎ ስብ ማጠራቀም ይጀምራል። ከዚያ በአሉሚኒየም ሰልፌት አዝቅጡትና በሴንትሪፊዩጅ ጭመቁት፤ እንደ ቀጭን ሊጥ ሲሆን ይበቃል።

አሁን ዋናው ሥራ መጣ። ሊጡ ላይ የተበረዘ ሰልፈሪክ አሲድ ጨምራችሁ በ90 ዲግሪ ግማሽ ሰዓት ያህል አሙቁት፤ የሴሉ ግድግዳ ይሰበራል። (አሲድ ስትበርዙ አሲዱን ወደ ውሃው ጨምሩ፣ ውሃውን ወደ አሲዱ በፍጹም!) ቀጥሎ ኮስቲክ ሶዳ ጨምራችሁ በዚያው ሙቀት ድገሙት። ስቡ ሳሙና ሆኖ ውሃው ውስጥ ይሟሟል፣ ገለባው በሴንትሪፊዩጅ ይለያል። ጥቁር አረንጓዴውን ፈሳሽ እንደገና አሲድ ስታደርጉት የስብ አሲዱ ከክሎሮፊሉ (ከአረንጓዴው ቀለም) ጋር አብሮ ይዘቅጣል። ዝቃጩን ለብቻው ውሰዱና በሄክሴን (ስብ በሚያሟሟ ተቀጣጣይ ፈሳሽ) እጠቡት፤ ሄክሴኑ ስቡን ይዞ ሲወጣ አብዛኛው አረንጓዴ እዚያው ይቀራል። ሄክሴኑን አትንናችሁ መልሳችሁ ሰብስቡት፣ እሳት ግን አጠገቡ እንዳይደርስ።

የቀረው ይህን የስብ አሲድ ከሜታኖል (ከአልኮል ዓይነት) ጋር አሙቆ ባዮዲዝል ማድረግ ነው። ያገለገለ የምግብ ዘይት ላይ የሠራችሁ ሰዎች እጃችሁ ወደ ኮስቲክ ሶዳ እንዳይሄድ፤ እዚህ ያለው ነፃ የስብ አሲድ ስለሆነ ተመልሶ ሳሙና ይሆንባችኋል። ለማፋጠኛ ሰልፈሪክ አሲድ ተጠቀሙ። ሜታኖል 65 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ፣ ትነቱ ቀዝቅዞ የሚመለስበት ዕቃ ያስፈልጋል። ከሥር ግሊሰሪን ይዘቅጣል ብላችሁም አትጠብቁ፣ እሱ ቀደም ብሎ፣ ስቡ ሳሙና ሲሆን ተለይቶ ከውሃው ጋር ሄዷል።

በመጨረሻ ባዮዲዝሉን አሲዱ እስኪለቅ በለብታ ውሃ እጠቡና እርጥበቱን አስወግዱ። ሜታኖል ዓይን ያጠፋል፤ ይህ ሁሉ አየር መሳቢያ ባለው ቤተ ሙከራ፣ በጓንትና በመነጽር እንጂ ወጥ ቤት ውስጥ አይሞከርም። ጥራቱ ሳይመረመርም ሞተር ውስጥ አትጨምሩት።